አራት ኮከብ፣ ሦስት ደሴት፦ ስለ ኮሞሮስ የከፈትኩት ክር

በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰበቡ ባንዲራ ነው። በፈረንጆቹ 2023፣ የካቲት ላይ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። እንደተለመደው መንገዱ ተዘጋግቷል። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ ቴሌቪዥን አያለሁ። የኮሞሮሱ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ የኅብረቱን ሊቀመንበርነት ሲረከቡ ባንዲራቸው ታየ። አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን፣ ነጭ ግማሽ ጨረቃ፣ አራት ኮከብ። ከጎኑ አራት ሰንበር፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ካርታ ከፍቼ ብቆጥር ግን አገሪቱ የምታስተዳድራቸው ደሴቶች ሦስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ሦስት።

ስለዚህ ጠየቅኩ፤ አራተኛው ኮከብ የማን ነው? ጥያቄ ብቻውን ሰው እንደማይሰበስብ ስለማውቅ ነገር መጫሪያ ጨመርኩበት። እኛ ስለ ኮሞሮስ የምናውቀው ባሕር ላይ የወደቀውን አውሮፕላናችንን ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ማንም ምንም አያውቅም አልኩ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ዋጋ አስከፈለችኝ። በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ መልስ ገባ። እስከ ዛሬ 36 ደርሷል። እንዳለ መለጠፍ ስለማይመች እንደገባኝ ልተርክላችሁ።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን ካስቀደመ በኋላ አራተኛዋ ማዮት እንደሆነች አስረዳ። ደሴቶቹ በሞዛምቢክና በሰሜናዊ ማዳጋስካር መካከል የተደረደሩ ናቸው። ፈረንሳዮች ግራንድ ኮሞር የሚሏትን የአገሬው ሰው ንጋዚጃ ይላታል፤ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ እዚያ ናት። አንዡዋን ንዝዋኒ ናት፣ ሞኤሊ ምዋሊ ናት፣ ማዮት ደግሞ ማኦሬ። ሰንበሮቹም ደሴቶቹን ተከፋፍለዋል። ሰማያዊው የንጋዚጃ፣ ቀዩ የንዝዋኒ፣ ቢጫው የምዋሊ፣ ነጩ የማኦሬ። ነጩ ሰንበር ሲውለበለብ ማኦሬ ላይ የሚውለበለበው የፈረንሳይ ባንዲራ ነው ብሎ ጨረሰ። እዚህ ላይ ክሩ ቢዘጋ ጥያቄዬ ተመልሶ ነበር።

መልስ 2 ስለ ስሙ ነው። ኮሞሮስ የመጣው ጨረቃ ከሚለው የዐረብኛ ቃል፣ ከቀመር መሆኑን ጻፈች። የእኛዋ ከመሪያ የምትባለው ስም ዘመድ ናት። አያቷ ከመሪያ ስለሚባሉ አገሩን በሥጋ ዝምድና እንደምታየው ጨመረች። ላይክ በላይክ ሆነች።

መልስ 3 ላይ ጠብ ተጀመረ። ይህኛው ሰላምታ የለውም። ማዮት የተሰረቀች ምድር ናት ባይ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 1974 በአራቱም ደሴቶች አንድ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ 95 በመቶ ያህሉ ነፃነትን መርጧል። ፈረንሳይ ግን ድምፁን ደሴት በደሴት ቆጥራ ያልወደደችውን ጎመደችው። በየካቲት 1976 ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ሲቀርብ ፈረንሳይ ውሳኔን በድምፅ በመሻር መብቷ (ቪቶ) አስቀረችው። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ማዮት የኮሞሮስ አካል ናት ብሎ ወሰነ። የሰማው ግን የለም። እኔንም ሳይጠቅስ አልቀረም። ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት ትንሽ ባነብ ጥሩ ነበር አሉ። እሺ።

መልስ 4 ወዲያው ተነሳበት። በዚያው በ1974ቱ ድምፅ ማዮት ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ነፃነትን እንቢ ማለቱን መልስ 3 ለምን እንደዘለለው ጠየቀ። በ1976 እንደገና ሲጠየቁ ከ99 በመቶ በላይ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጡ። በ2009 ደግሞ 95 በመቶ የሚሆነው ሙሉ የፈረንሳይ አውራጃ እንሁን አለ፣ በ2011ም ሆኑ፣ 101ኛዋ። ሰው ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ አዲስ አበባ ተቀምጦ ተሰርቀሃል ማለት ምን ይባላል፣ ነው ነገሩ።

ሁለቱ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይነካከሱ ነበር። ያዳነን መልስ 5 ነው። ክሩ ላይ ከገቡት ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሁለታችሁም ቁጥር ይዛችሁ ሰዉን ረሳችሁት አላቸው፣ ሲቆጣም በጨዋ ደንብ ነው። ነገሩን ከ1841 ጀመረ። በዚያ ዓመት ፈረንሳይ ማዮትን የገዛችው ከማዳጋስካር ሸሽቶ እዚያ ሱልጣን ከሆነው ከአንድሪያንጾሊ ነው። የቀሩትን ሦስቱን እጇ ያስገባችው ግን በ1886 ነው። ማዮት በ45 ዓመት ቀድማ ፈረንሳይን ለምዳለች። የቅኝ ግዛቱ መቀመጫም እዚያው ዛውድዚ ላይ ነበር። ኋላ መቀመጫውን ወደ ሞሮኒ እናዛውር ተባለ፣ በ1960ዎቹም ዛውድዚ ባዶዋን ቀረች። ቢሮው ሲሄድ ደመወዙ ሄደ። ባል ወደ ሞሮኒ ሄዶ ሚስት ማዮት ቀረች፤ እሱም እዚያ ሌላ ማግባት ጀመረ።

ሴቶቹ ተነሱ። መሣሪያቸው ኩርኩራ ነው። ቀልድ አይደለም። ከሞሮኒ ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ከብበው ይኮረኩሩታል። ሱፍ የለበሰ ሰው በሳቅ እየተንፈራፈረ፣ እያለቀሰ፣ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል። መምታት አይደለም፣ መሳደብ አይደለም፤ በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳሉ? ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ኮርኳሪዎቹ ይሏቸዋል። መሪያቸው ዜና ምዴሬ ትባላለች። ዜና! መልስ 5 እንደሚለው የማዮትን ድምፅ የወሰነው ፓሪስ ብቻ አይደለም። ሞሮኒ ናቀችን ያሉ ሴቶችም ወስነውታል። ሞሮኒ ደግሞ ያንን ንቀት እስከ ዛሬ አላመነችም። እኔ በዚህ እስማማለሁ። መልስ 3 አልተስማማም።

መልስ 6 ወደ አውሮፕላኑ ወሰደን። ከአደጋው የተረፈችው አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች፣ ፍርስራሽ ይዛ ሌሊቱን ባሕር ላይ እንዳደረች ጻፈ። መልስ 7 አረመው፤ በትህትና ነው ግን ጠበቅ አድርጎ። ያ ሌላ አደጋ ነው። የየመን አየር መንገድ አውሮፕላን በሰኔ 2009 ሞሮኒ ሊያርፍ ሲል ወድቆ ከ153 ሰው አንዲት ታዳጊ ብቻ ተረፈች። የእኛው ግን በ1996 ነው። 175 ሰው ነበረበት፣ 125ቱ ሞቱ፣ 50 ተረፉ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ሦስት ጠላፊዎች አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግራቸውም አላመኑም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ፣ ሞተሮቹ ጠፍተው፣ ከንጋዚጃ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሚትሳሚዩሊ አጠገብ፣ ከባሕር ዳርቻው 500 ሜትር ያህል ላይ ውሃውን መታ። የሆቴል እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች በጀልባ ደረሱላቸው። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ነበር። ሆቴሉ ጋላዋ ነበር የሚባለው። ጋላዋ ማለት እዚያ አገር ዓሣ አጥማጆች የሚቀዝፉት፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሚዛን የሚጠብቅ እንጨት ያለው ጠባብ ታንኳ ነው።

መልስ 8 የገባው ይሄን ጊዜ ነው። 1996 የእኛ ነው የፈረንጅ? በእኛ ከሆነ እሱ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ምንም አልሰማም። የፈረንጅ ነው ተባለ፤ በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1989። ይሄ የአቆጣጠር ነገር ስድስት አጫጭር አስተያየት በላ፣ አድሚኑ አጠፋቸው። ለዚህ ነው ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ የምጽፈው። አትቆጡኝ።

መልስ 9 አጭር ነው። የጻፈችው ሴት አጎቷ በዚያ በረራ ላይ እንደነበር ተናገረች። አልተረፈም። ልጅ ሆና ቤታቸው ድንኳን ሲጣል ኮሞሮስ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ ለብዙ ዓመት የበሽታ ስም ይመስላት ነበር። በኋላ ላይ ብዙዎች የሞቱት የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆነው ስለነፉት፣ ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያ ተንሳፈው መውጣት ስላቃታቸው መሆኑን አነበበች። ዛሬም በረራ ላይ አስተናጋጇ ወደ ውጭ ሲወጡ ብቻ ይንፉት ስትል ስልኩን የሚነካካ ሰው ስታይ ትናደዳለች። ስለዚያ አውሮፕላን ክሩ ላይ ቀልድ እንዳይገባ ለመነች።

የእኔን መጫሪያ ዓረፍተ ነገር ተመልሼ አነበብኩት። ይቅርታ ጻፍኩላት። መልስ 10 እሱ ነው። ከኔ በታች ደግሞ፣ መልስ 11፣ በዚያው በረራ ከሞቱት መካከል ሞሐመድ አሚን እንደሚገኝ አስታወሰ። በ1984 የኮረምን ረሃብ ቀርጾ ዓለም እንዲያይ ያደረገው ኬንያዊ የካሜራ ሰው።

ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን የጻፈ አልነበረም።

መልስ 12 ዝምታውን በውሃ ሰበረው። የውሃ መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ አጻጻፉም ይመስላል። ንጋዚጃ ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ግን በደሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። መሬቱ ገና ወጣት የእሳተ ገሞራ አለት ስለሆነ ውሃውን እንደ ወንፊት ወደ ታች ይሰደዋል። ስለዚህ ሰዉ ከጣሪያ ላይ የዝናብ ውሃ ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳ ያወርዳል። ካርታላ የሚባለው ተራራ 2,361 ሜትር ነው፣ አሁንም ሕያው ነው። በ2005 ሲፈነዳ ሰውን ያስቸገረው እሳቱ ሳይሆን አመዱ ነው፤ ገንዳዎቹ ውስጥ ገብቶ የሚጠጣ ውሃ አበላሸ። ንዝዋኒ ደግሞ በተቃራኒው ወንዝ ነበራት። ደኑ ሲመነጠር ብዙዎቹ በበጋ መድረቅ ጀመሩ። የጨረቃ ደሴት ብለን የምናሞካሸው አገር ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። መልስ 13 ኮተቤም እንደዚያው ነው አለ። ሳቅን።

መልስ 14 ከባሕረ ሰላጤው ነው፤ ኤምሬትስ ብዙ ዓመት የሠራች እህታችን። የምትሠራበት ቤት አጠገብ ቢዱን የሚባሉ፣ ዜግነት የሌላቸው ሰዎች ይኖሩ ነበር። እዚያው ተወልደዋል፣ አባታቸውም እዚያው ተወልዷል፣ ወረቀት ግን የላቸውም። አንድ ቀን አንዷ ጎረቤቷ አዲስ ፓስፖርት አሳየቻት። ሽፋኑ ላይ ጨረቃና አራት ኮከብ። ኮሞሮሳዊት ሆኜልሻለሁ አለቻት። ከዚያ ጎረቤትየዋ አገሩ የት እንደሆነ ጠየቀቻት። የእኛዋም አታውቅም። ሁለቱ ሆነው በስልክ ፈለጉት።

መልስ 15 ስለታም ነበር። አገር እንደ ቲማቲም ይሸጣል ወይ፣ ድሮም ከእነሱ ምን ይጠበቃል ዓይነት ነገር። ደስ አይልም። መልስ 16 ጠንከር ባለ ቃል አስቆመው። ሕጉ የወጣው በ2008 በፕሬዚዳንት አሕመድ አብደላ ሳምቢ ጊዜ ነው። ሐሳቡ ሀብታሞቹ አገሮች ገንዘብ ይሰጣሉ፣ በገንዘቡ መንገድና መብራት ይዘረጋል የሚል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓስፖርት ወጣ፣ ከገንዘቡ ብዙው የት እንደገባ አልታወቀም። ሳምቢ በ2022 በዚሁ ጉዳይ በአገር ክህደት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ግን ይላል መልስ 16፣ ሻጩን ስትሰድብ ገዢውን ለምን ዘለልከው? የገዛ ቤታቸው የተወለደን ሰው አንመዘግብም ብለው የሌላ አገር ወረቀት የገዙለት ሀብታሞቹ ናቸው። መልስ 15 ተመልሶ አልመጣም።

አሁን የወደድኩት ክፍል። መልስ 17 በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልናቸው ነው የጨረስነው። የኮሞሮስን ታሪክ ያለ ቦብ ዴናር መንገር ጠላን ያለ ጌሾ መጥመቅ ነው አሉ። ዴናር ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1975 አሕመድ አብደላ ነፃነት አወጁ። ወር እንኳ ሳይሞላ ተገለበጡ፤ ንዝዋኒ ላይ ሲሸሸጉ ይዞ ያስረከባቸው ዴናር ነበር። ሥልጣኑ ወደ ዓሊ ሶይሊህ ሄደ። ሶይሊህ አብዮተኛ ናቸው። የመንግሥት መዛግብትን አቃጠሉ፣ ሠራተኛውን በተኑ፣ ወጣቶችን አስታጥቀው ሽማግሌዎቹ ላይ ለቀቁ፣ ትልቁን ሠርግ ከለከሉ፣ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 14 አወረዱ። ጋሼ እዚህ ላይ ቆም አሉ። እኛ በዚያው ዓመት ምን ላይ እንደነበርን አስታውሱ አሉ። እሳቸው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተልከው ነበር። ስለ ሶይሊህ ሲያነቡ የሰፈራቸውን ቀበሌ ያዩ ይመስላቸዋል።

በግንቦት 1978 ዴናር ሃምሳ ገደማ ሰው በዓሣ ማጥመጃ መርከብ ጭኖ በሌሊት ኢትሳንድራ ዳርቻ ላይ ወረደ። ያወረዳቸውን አብደላን መልሶ ለማንገሥ! ሶይሊህ ተያዙ፣ በወሩ መጨረሻ ተገደሉ። ዴናር ሰለመ፣ ስሙን ቀየረ፣ የአገር ሴት አገባ፣ የፕሬዚዳንቱን ጠባቂ ጦር እየመራ አሥራ አንድ ዓመት የአገሪቱ እውነተኛ ጌታ ሆነ። በኅዳር 1989 አብደላ ቢሯቸው ውስጥ በጥይት ሲሞቱ እሱ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ፓሪስ ላይ ተከሶ በነፃ ተለቀቀ። ከዚያ ክስ በፊት ግን፣ በ1995፣ ሠላሳ ገደማ ሰው ይዞ በጎማ ጀልባ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ፕሬዚዳንት ያዘ። የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ጦር መጥቶ ለቅሞ ወሰደው።

መልስ 18 አንድ ታሪክ ጨመረችበት። ጠንቋይ ለሶይሊህ የሚገለብጥህ ጥቁር ውሻ ያስከተለ ነጭ ነው ብሎ ስለነገራቸው የአገሩን ጥቁር ውሻ ሁሉ አስገደሉ፣ ዴናርም በጥቁር ውሻ መጣ። መልስ 19 ይሄ ተረት ነው፣ ማስረጃ አምጪ አለ። መልስ 20 ተረትም ቢሆን ውሻው እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ አለ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 21 ወደ ሠርጉ መለሰን፤ ሶይሊህ ለምን እንደከለከሉት ጠይቆ። የመለሰለት ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ የሚኖር ወገናችን ነው፣ መልስ 22። ማርሴይ ከሞሮኒ ቀጥላ የኮሞሮስ ሰዎች ከተማ የምትባል ናት። ጎረቤቱ ወደብ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ኮሞሮሳዊ ነው። ስድሳ ዓመቱ ነው፣ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ግን በመንደሩ ጉባኤ ላይ እንደ ልጅ ነው የሚቆጠረው። ምክንያቱም አንዳ የሚባለውን ትልቁን ሠርግ አልደገሰም። ትንሹ ሠርግ ማግባት ነው፤ ትልቁ ሠርግ ሰው መሆን ነው። ቀናትና ሳምንታት የሚፈጅ ድግስ፣ ለሙሽሪት ወርቅ፣ ለመንደሩ ሥጋና ሩዝ፣ ለዘመድ አዝማድ ስጦታ። ይህን የፈጸመ ወንድ የፈለገውን ካባ ይለብሳል፣ መስጊድ ውስጥ የፊት ረድፍ አለው፣ ሲናገር ይደመጣል። ያልፈጸመ ፕሮፌሰርም ቢሆን ከኋላ ይቀመጣል። ሰዉ አሥርና ሃያ ዓመት የሚያጠራቅመው ለዚህ ነው። ቤቱ ደግሞ የሴቷ ነው። አባት ለሴት ልጁ ቤት ይሠራል፣ ባል እዚያ ይገባል፣ ቢፋቱ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል እስላም ነው፣ የውርሱ ነገር ግን በእናት በኩል ይሄዳል፤ ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል።

እዚህ ላይ ክሩ ሙሉ በሙሉ ስለራሳችን ሆነ። መልስ 23 ስለ አዳራሽ ኪራይ፣ መልስ 24 ስለ ሚዜ ልብስ። ተዉት።

መልስ 25 የኳስ ሰው ነው። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኮሞሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ጋናን 3 ለ 2 አሰናበተች። ቀጥሎ ከአዘጋጇ ጋር ተመደበች። አንዱ በረኛ ተጎድቷል፣ ሁለቱ ኮቪድ ይዟቸዋል። ስለዚህ ተከላካዩ ሻከር አልሐዱር ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ማሊያው ላይ ቁጥሩ በፕላስተር ተለጥፏል። በሰባተኛው ደቂቃ ደግሞ አንድ ተጫዋች በቀይ ወጣ። አሥር ሰው፣ በረኛ የለም፣ ውጤቱ 2 ለ 1 ሽንፈት። የኮሞሮስን ጎል ዩሱፍ ምቻንጋማ በቅጣት ምት ከሩቅ አገባት። ከዚያ መልስ 25 ቢላውን አወጣ። በዚያው ውድድር፣ ከዚያችው ካሜሩን ጋር ተጫውተው፣ ዋልያዎቹ በአሥራ አንድ ሰውና በሙሉ በረኛ 4 ለ 1 ተሸንፈዋል። መልስ 26 ይህን የሚጽፍ ሰው አገሩን አይወድም አለ። መልስ 27 አገሩን ስለሚወድ ነው ሌሊት ነቅቶ ያየው አለ። እኔ ሁለቱንም ጨዋታ አይቻለሁ፣ አስተያየት የለኝም።

የቡድኑ ቅጽል ስም ሲላካንት ነው፣ መልስ 28 እሱን ተከትሎ መጣ። ሲላካንት ዓሣ ነው። ሳይንስ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ይለው ነበር፤ በ1938 ደቡብ አፍሪካ አንዱ ተያዘ። ፕሮፌሰር ስሚዝ ሁለተኛውን ላገኘ 100 ፓውንድ የሚል ወረቀት በየባሕሩ ዳር አስበተነ። አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1952 ንዝዋኒ ላይ አሐመዲ አብደላ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ያዘው። ሊበለት ሲል አንድ የትምህርት ቤት መምህር በወረቀቱ ላይ ያለው ዓሣ ነው አለው። የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ለስሚዝ የጦር አውሮፕላን ሰጡት፤ ሰውየው ዓሣውን ሲያይ አለቀሰ። የኮሞሮስ ሰዎች ግን ድሮም ያውቁታል። ጎምቤሳ ይሉታል። ሥጋው ቅባታም ነው፣ አይጥምም። ሙሉ የፈረንጅ ሳይንስ የጠፋ ያለውን እነሱ አይጣፍጥም ብለው ነበር የተዉት።

መልስ 29 ቢዝነስ አሸተተው፤ ከእዚያ ምን ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ቅርንፉድ፣ ቫኒላና ይላንግ ይላንግ ተባለ፣ በመልስ 30። የይላንግ ይላንግ አበባ ገና ሲነጋ ይለቀማል፣ በዚያው ቀን ካልተጣራ ሽታው ይበላሻል። ዛፉ ወደ ላይ እንዳያድግ እየተገረዘ ስለሚጎብጥ ለቃሚዎቹ ሴቶች ቆመው ይደርሱበታል። ዘይቱ ስመ ጥር የፈረንሳይ ሽቶዎች ውስጥ ይገባል፣ ሻኔል ቁጥር 5 ጭምር። የሚጣራበት እሳት ግን በማገዶ ነው፤ መልስ 12 ደን ተመነጠረ ያለው ከፊሉ እዚህ ውስጥ ይቃጠላል። ቫኒላ ደግሞ እዚያ አካባቢ የሚያዳቅለው ነፍሳት ስለሌለ እያንዳንዱ አበባ በእጅ ይዳቀላል። ዘዴውን ያገኘው ኤድሞን አልቢዩስ ነው፤ ሪዩኒየን ደሴት ላይ በባርነት ያደገ፣ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ። ዓመቱ 1841 ነው። ማዮት በተሸጠችበት ዓመት። ይህን ያስተዋለው መልስ 5 ነው፣ ከታች በአንዲት መስመር።

የማዮት ስም እንደገና ሲነሳ መልስ 3 ነቃ። መልስ 31 የእሱ ነው። ያው ክርክር፣ አሁን ግን መልስ 4ን የባንዳ ልጅ አለው። አድሚኑ አስጠነቀቀ። መልስ 4 በመልስ 32 በስድብ አልመለሰም፤ የባሰ ነገር አመጣ። በ1997 ንዝዋኒ ራሷ ከኮሞሮስ ተገንጥያለሁ ብላ የፈረንሳይ ባንዲራ ሰቀለች። መልሳችሁ ግዙን አለች። ፈረንሳይ አልፈልግም አለች። የማሸማገሉ ሥራ ዓመታት ፈጀ፤ በ2001 ሥልጣን በደሴቶቹ መካከል እየዞረ የሚሄድበት ሕገ መንግሥት ወጣ። በ2008 እንኳ የአፍሪካ ኅብረት ወታደር ልኮ የንዝዋኒውን መሪ መሐመድ ባካርን ማስወገድ ነበረበት። ሰውየው በጀልባ የሸሸው ወዴት ነው? ወደ ማዮት። መልስ 3 ለዚህ መልስ አልነበረውም። ወይም ነበረው፣ አድሚኑ አግዶታል።

ክሩ ዓመት ከምናምን ተኛ። የቀሰቀሰው ታኅሣሥ 14 ቀን 2024 ማዮትን የመታው ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። መልስ 33 የማርሴዩ ወገናችን ነው። የጎረቤቱ እህት ማዮት ናት። ስልኳ አራት ቀን አልሠራም። በኮረብታው ላይ ያሉት የቆርቆሮ ሰፈሮች እንዳሉ ተጠርገዋል። ማዮት ከሚኖረው ሰው ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጋ ተብሎ የተመዘገበ ነው፣ አብዛኛው ከሌሎቹ ሦስት ደሴቶች። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ወደ መጠለያ ቢሄዱ ፖሊስ የሚይዛቸው መስሏቸው ቤታቸው ቀሩ። ከንዝዋኒ እስከ ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ 1995 ድረስ ሰው እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር፤ ከዚያ ቪዛ መጣ። አሁን በሌሊት፣ ኳሳ ኳሳ በሚሏቸው ትናንሽ ጀልባዎች ነው። ብዙ ሺህ ሰው በዚያ ባሕር ቀርቷል። የጎረቤቱ እህት በአምስተኛው ቀን ደወለች፣ ደህና ናት። ጎረቤቱም ትልቁ ሠርግ ብሎ ካጠራቀመው ላይ ቆርቆሮ ገዝቶ ላከላት። ሞሮኒም ለማዮት ብሔራዊ ሐዘን አወጀች፤ ለራሷ ሰው።

መልስ 34 የመልስ 9 ነች። እግዚአብሔር ያጽናቸው ብቻ ነው ያለችው።

መልስ 35 ምንም ሳያነብ መጨረሻው ላይ የገባ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ያለችውን ትንሿን የኮሞሮስ ባንዲራ ቢያያት ኮከቦቹ ሦስት ናቸው፣ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው አለን። መልስ 36 አጉልተህ እየው አለው።